መንበረን ዘጠነኛ ክፍል ለማድረስ

እኛ ከተማ ድሬ ዳዋን ያየ ሰው ጥቂት ነው። ያየውም ስለ ሙቀቱና ስለ ባቡሩ ጩኸት ተናግሮ ያበቃል። እኔ ሄጄ ከተመለስሁ ወዲህ ልብስ ሊያሰፋ የሚመጣ ሁሉ በርጩማ ስቦ «እስቲ ንገረን» ይለኛል። ብዙ መናገር ስለማልወድ ጻፍሁት። የሚፈልግ ያንብበው፤ ማንበብ የማይችል ልጁ ታንብብለት።

የጉዞው ምክንያት ታናሽ እህቴ መንበረ ናት። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳ ሚኒስትሪ አልፋለች። እኛ ከተማ ደግሞ ከስምንተኛ በላይ ትምህርት የለም። አሰበ ተፈሪ አለ፤ ነገር ግን አሰበ ተፈሪ የአጎታችን የጋሼ ወልዴ ሱቅ ያለበት ነው። ጋሼ ወልዴ እሷን ለአንድ የቡና ነጋዴ ሊድር ቃል ሰጥቷል። ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። አባታችን ከሞተ ወዲህ በቤታችን ጉዳይ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው እሱ ነው።

«ሴት ልጅ ስምንት ከተማረች ሐኪም የጻፈላትን ወረቀት ታነባለች። ከዚያ በላይ ምን ልታነብ ነው?» አለ አንድ ቀን እቤታችን ተቀምጦ።

«ሐኪሙ ያንን ከመጻፉ በፊት ያነበበውን» አለችው መንበረ።

በጥፊ መታት። አላለቀሰችም፤ የወደቀውን ሻሽ አንስታ አራግፋ መልሳ አሰረች።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት እሷ አንደኛ ክፍል ስትገባ ነው። ደብተሯን ዘርግታ ስታጠና እኔ ቁልፍ እየተከልሁ በትከሻዋ ላይ አያለሁ። እሷ ክፍል ስታልፍ እኔም አልፋለሁ። ስለዚህ ስምንተኛ ላይ ብትቆም ሁለታችንም ቆምን ማለት ነው።

አንድ ተስፋ ነበረን። የአባታችን የአክስት ልጅ እትዬ ብርቄ ድሬ ዳዋ ትኖራለች፤ ባሏ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነው። ለአባታችን ለቅሶ በመጣች ጊዜ «ልጅቷ ስታልፍ ላኩልኝ» ብላ ነበር። እናቴ ያንን ቃል አልረሳችውም። መስከረም ሲጠባ ለጋሼ ወልዴ ሳትነግር ስንቃችንን ጠቀለለች። እኔም የእኛ ትምህርት ቤት ልጆች የሚለብሱትን ዓይነት ጥቁር ሰማያዊ የደንብ ልብስ አዲስ ሰፍቼ አስያዝኋት።

ሰኞ

ጎህ ሲቀድ ወጣን። እናቴ ጎረቤት እንዳያይ ብላ እስከ በር እንኳ አልሸኘችንም። አፉ በሰም የተደፈነ አንድ ቅል ማር ለመንበረ አስታቀፈቻት። «ባዶ እጅሽን ቤት አትግቢ» አለቻትና ፊቷን አዞረች።

ሽንኩርትና ድንች ጭኖ ወደ ሚኤሶ የሚወርድ የጭነት መኪና አገኘን። ጆንያዎቹ ላይ ወጣን። ረዳቱ ቅሉን አይቶ «ማር ነው? አደራ እንዳይፈስ፤ ንብ ከተከተለን ሾፌራችን መኪናውን ጥሎ ነው የሚሮጠው» አለ።

አሰበ ተፈሪ ስንገባ መንበረ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናነበች። ሳይቆም ያልፋል ብለን የተማመንነው መኪና ልክ ከጋሼ ወልዴ ሱቅ ፊት ለፊት ቆመ፤ ረዳቱ ሲጋራ ሊገዛ ዘለለ። ጋሼ ወልዴ በረንዳው ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ሚዛን ያስተካክላል። የለበሰውን ኮት የሰፋሁለት እኔ ነኝ፤ የግራ ትከሻው ስፌት መተርተሩን ካለሁበት አየሁ። ዞር ቢል ዓይን ለዓይን ነን። መንበረ ቅሉን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ጸሎት ትሁን የሒሳብ ቀመር አላወቅሁም። ረዳቱ ሲጋራውን ከጋሼ ወልዴ እጅ ተቀብሎ፣ ለኩሶ፣ ተረጋግቶ መጣ። መኪናው ተነሣ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ነው። ጠዋት ጋቢ ደርበን የተሳፈርን ሰዎች ከሰዓት በኋላ በካርቶን ቁራጭ ፊታችንን እናራግብ ነበር። ሚኤሶ ላይ አንዲት የሻይ ቤት ባለቤት በግቢዋ ምንጣፍ አነጠፈችልንና የግመል ወተት ሰጠችን።

«ጭስ ጭስ ይላል» አለች መንበረ ቀምሳ።

«የጨርጨር ልጆች! ጭሱ ነው እንጂ መድኃኒቱ» ብላ ሴትዮዋ ሳቀች። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ግን ወንድሜ፣ ድሬ ስትደርስ አታፍጥ። እንግዳ መሆንህ ካስታወቀ አለቀልህ።»

ነገሩን አውቀዋለሁ። የብሔራዊ ውትድርና ዘመቻ ጊዜ ነው። እያንዳንዱ ቀበሌ ኮታውን መሙላት አለበት፤ የቀበሌ ሰዎች ደግሞ የጎረቤታቸውን ልጅ ከሚልኩ የማያውቁትን መንገደኛ ማፈስ ይቀላቸዋል። እኔ ብያዝ መንበረ በሰው አገር ብቻዋን ቀረች ማለት ነው። ይህን ለእሷ አልነገርኋትም። ሻይዋን እየጠጣች «ከታፈስህ ወዴት ልሂድ?» ብላ ስትጠይቀኝ ግን ቀድማኝ እንዳሰበችው ገባኝ።

ማክሰኞ

ባቡሩ ይመጣል ከተባለበት ዘግይቶ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ መጣ። ሦስተኛ ማዕረግ ገባን። ወንበሩ እንጨት ነው፤ ሰው፣ ከሰል፣ ፍየልና የቅቤ ቆርቆሮ አብሮ ይሳፈራል። እኛ አገር ለመንገድ የሚሰጠው ዝምታ እዚህ የለም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል።

አንዲት ግዙፍ ሴት ሁለት የዶሮ ቅርጫት ይዛ ፊታችን መጣች። ሽቲ የሚሉት ቀሚሷ ሰፊ፣ ሻሿ ቢጫ፣ አንድ ጥርሷ ወርቅ ነው።

«አቦ፣ እግርህን ሰብስብ! ርዝመትህን ቤትህ ለካ!» አለችኝ።

ሰበሰብሁ። ተቀመጠችና መንበረን አየቻት።

«ሚስትህ ናት እህትህ?»

«እህቴ።»

«አልሐምዱሊላህ። ሚስቴ ብትል ኖሮ ገና ልጅ ናት ብዬ በዚህ ቅርጫት ልደበድብህ ነበር። ድሬ ምን ልታደርጉ ነው?»

«ልማር» አለች መንበረ። «ዘጠነኛ ክፍል።»

«እኔ የተማርሁት እዚሁ ባቡር ላይ ነው። በኦሮምኛ እገዛለሁ፣ በሶማልኛ እሸጣለሁ፣ በአማርኛ እጣላለሁ፣ በዐረብኛ እጸልያለሁ። ዘጠነኛ ክፍል አይሆንም ይሄ?»

ስሟ ዘይነባ ነው። ባቡሩ ላይ የሚያውቋት ሁሉ «አዮ ዘይነባ» ይሏታል፤ አዮ በኦሮምኛ እናት ማለት ነው። ከመንገድ ጣቢያዎች ዶሮና ቅቤ ገዝታ ድሬ ዳዋ ትሸጣለች። ባሏ ሞቷል፤ ልጆቿ ወንዶች ናቸው፤ ሁለቱ ጂቡቲ፣ ትንሹ ጦር ሜዳ። ይህን ሁሉ የነገረችን ሳንቡሳ እያካፈለችን ነው። እኛ ዳቦ ቆሎ አቀረብንላት፤ ማሩም ለእትዬ ብርቄ የተላከ መሆኑን ነገርናት። እያኘከች «ይሄ እንኳ ለጠላት ነው» አለች፤ ቢሆንም አልተወችውም።

ኤረር ስንደርስ ባቡሩ ከወትሮው የበለጠ ቆመ። መሣሪያ የያዙ ሰዎች ከጫፍ ጀምረው ወጣቶችን እያስነሡ ይጠይቁ ጀመር። አንዱን ከኋላችን አወረዱት። እናቱ ናት መሰለኝ፣ በመስኮት የምትጮህ ሴት ድምፅ ሰማሁ። እጄን የማደርግበት ጠፋኝ። በዚህ መካከል ሁለቱም የዶሮ ቅርጫቶች ጭኔ ላይ አረፉ።

«አንተ ደንቆሮ!» ብላ ጮኸችብኝ አዮ ዘይነባ። «አፋቸውን ወደ ነፋስ አዙር አላልኩህም? አንዷ ብትሞት ካንተ አጥንት ነው ሾርባ የምሠራው! እናትህን እንዴት አድርጌ እንዳዘዝኳት እኔ አውቃለሁ፤ ሠራተኛ ላኪልኝ ብላት ጅብራ ላከችልኝ!»

ባለመሣሪያው ፊታችን ደርሶ ነበር። ሳቀ። «አዮ ዘይነባ፣ ዛሬም ሠራተኛ ትገድያለሽ?»

«ውሰድልኝ ብልህስ ምን ታደርገዋለህ? ጠመንጃውን በአፈሙዙ ነው የሚይዘው!»

እየሳቀ አለፈ። ባቡሩ እስኪነሣ ድረስ ስድቧን አላቆመችም። ከተነሣ በኋላ ቅርጫቶቿን መልሳ ወሰደችና ለመንበረ ብቻ «ወንድምሽ ጥሩ ደንቆሮ ይወጣዋል» አለቻት። ድሬ ዳዋ ስንወርድ «ቢቸግራችሁ ቀፊራ ገበያ መጥታችሁ የዶሮዋ ዘይነባ በሉ» ብላን በሰው መሃል ጠፋች።

ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። የጣቢያው ሠፈር ከዚራ ይባላል። መንገዶቹ በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስላሉ፤ ዛፎቹ ከሁለት ወገን ተገናኝተው ጥላ ሠርተዋል። እኛ ከተማ መንገድ ቤቶቹን ይከተላል፤ እዚህ ቤቶቹ መንገዱን ተከትለዋል። ለአብዮት በዓል የተሠሩት ቀያይ ቅስቶች ገና አልፈረሱም። የእትዬ ብርቄን ቤት ጠይቀን አገኘን። በሩን የከፈተችልን ሴት ሌላ ናት።

«ብርቄ? ባሏ ናዝሬት ተዛውሮ ከክረምት በፊት ሄደዋል። አልሰማችሁም?» አለች። ውሃ ሰጠችን፤ አዘነችልንም፤ ከዚያ በላይ ግን ምን ታድርግ። ወደ አንድ አልጋ ቤት ሄድን፤ በሩ ላይ የቀበሌ ጥበቃ ተቀምጦ የገባውን ሁሉ ይጠይቃል። ሳንደርስ ዞረን ተመለስን።

«አዮ ዘይነባ ጋ እንሂድ» አለች መንበረ።

«አናውቃትም እኮ።»

«እትዬ ብርቄንስ ምን ያህል እናውቃታለን?»

ወደ ቀፊራ ስንሄድ ከአንድ ሰፊ አሸዋ ደረስን። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ አህዮች ይተኛሉ፣ ሰው እንደ መንገድ ይመላለስበታል። አንድ ሽማግሌ «ደቻቱን ተሻግራችሁ ነው» ስላሉን መሃሉ ላይ ቆሜ ሌላ መንገደኛ ጠየቅሁ፦ «ደቻቱ የሚባለው ወንዝ የት ነው?»

«ቆመህበታል» ብሎኝ ሄደ።

አዮ ዘይነባ በሩን ስትከፍት ገና ሳንናገር ገባት። «ግቡ፣ ግቡ! የማሩ ልጆች!» መንበረ እናታችን ባዘዘችው መሠረት ቅሉን ዘረጋችላት። አዮ ዘይነባ እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች። «ለብርቄ የተላከ አይደል? የሰው አደራ አልበላም።» ቅሉ መስኮቱ ላይ ተቀመጠ።

እዚያ አገር በሙቀት ጊዜ ሰው ግቢ ውስጥ ነው የሚተኛው። እኔ አሸዋው ላይ ይሻል ነበር ስል አዮ ዘይነባ ገሠጸችኝ። «ደቻቱ ላይ ደጋ ሰው ነው የሚተኛው፤ ጠዋት ደግሞ አይነሣም። ዝናቡ የሚዘንበው ሐረር በኩል ተራራው ላይ ነው፤ ውሃው የሚመጣው እኛ ጋ ነው። እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ውሃው ከብት ይዞ ሲሄድ አይቻለሁ።» እኛ አገር ጎርፍ የሚመጣው ሰውየው ራሱ ከረጠበ በኋላ ነው። ስለዚህ ብዙም አላመንኋትም።

ረቡዕ

ቁርሳችን ሁልበት ነበር፤ አብሽ እንደ አረፋ እስኪሆን ተመትቶ በቂጣ ይበላል። እናቴ አብሽ የምትሰጠን ሆዳችንን ሲያመን ብቻ ስለሆነ መንበረ «ማን ታመመ?» ብላ ጠየቀች።

ትምህርት ቤቱ ከዚራ በኩል ነው። ሦስታችንም አሸዋውን ተሻግረን ሄድን። ግቢው በካኪ በለበሱ ተማሪዎች ተሞልቷል። የእኔ ጥቁር ሰማያዊ ልብስ በመካከላቸው ብቻውን ቀረ።

«አቦ ፖሊስ መጣች!» አለች አንዷ። «ማንን ልትይዢ ነው?»

«መጀመሪያ አንቺን» አለቻት መንበረ። ልጆቹ ሳቁ። መንበረ ግን የጉልበቷን ጨርቅ ጨምድዳ ይዛ እንደነበር አየሁ።

የሚመዘግቡት መምህር መነጽር ያደረጉ፣ ድምፃቸው የሰለለ ሰው ናቸው። የሚኒስትሪ ውጤቷን አይተው ቅንድባቸውን አነሡ። «ጥሩ ነው። ከውጭ የመጣ ተማሪ ግን እዚህ የሚኖርና ተጠያቂ የሚሆን ዘመድ ያስፈልገዋል። ማነው?»

«እኔ ነኝ፤ እናቷ» አለች አዮ ዘይነባ ሳታመነታ።

መምህሩ ቢጫውን ሻሽ፣ ከዚያ በመንበረ አንገት ላይ ያለውን ማተብ አዩ። «ምንሽ ናት?» ብለው መንበረን ጠየቋት።

አዮ ዘይነባ በክርኗ ነካ አደረገቻት።

«ትናንት ባቡር ላይ ነው የተዋወቅነው» አለች መንበረ።

መምህሩ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ሴትዮዋ ደግ ሳይሆኑ አይቀሩም። ነገር ግን አምና ‹አክስቴ ናት› እያሉ የተመዘገቡ ልጃገረዶች ነበሩ። ኅዳር ሳይገባ በአክስት ተብዬዋ ቤት ውሃ ሲቀዱና ልጅ ሲያዝሉ አገኘኋቸው። አንዷም ወደ ክፍል አልተመለሰችም። ዘመድ አምጪ፤ ነገ እስከ ስድስት ሰዓት እጠብቅሻለሁ። ከዚያ በኋላ መዝገቡ ይዘጋል፤ ቦታውም ለሌላ ይሰጣል።»

ስንወጣ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። በዚያ ሰዓት ድሬ ዳዋ ትዘጋለች። ሱቅ፣ ቢሮ፣ ገበያ ሁሉ በሩን ዘግቶ ይተኛል። እኛ አገር በቀን የሚተኛ በሽተኛ ነው። በባዶው አሸዋ ላይ ሦስታችን ብቻ ስንሄድ አዮ ዘይነባ ትጮሃለች።

«አንድ ውሸት! አንዲት ትንሽ ውሸት! እኔ ባቡር ላይ ለወንድምሽ ስንቱን ዋሸሁ? ምላስሽ ምን ሆነ?»

«አዮ፣ ዘመድ ናት ብዬ ብገባ አንድ ቀን ይደርሱበትና ያባርሩኛል» አለች መንበረ። «ከተባረርሁ የምመለሰው ወደ ሠርጌ ነው።»

ሠርግ መኖሩን ለአዮ ዘይነባ አልነገርናትም ነበር። እቤት ደርሰን ውሃ ከጠጣን በኋላ «ለማን ነው?» አለች። ነገርናት። «ስንት ዓመቱ ነው?» የእኔን እጥፍ ይሆናል አልኋት። ዶሮዎቿን ታይ ጀመር።

ሁሉም ሲተኛ መንበረ አልተኛችም። ግድግዳ ተደግፋ መስኮቱን ስታይ ቆየችና ተነሣች። ቅሉን አውርዳ አዮ ዘይነባ እግር ሥር አስቀመጠችው።

«አዮ፣ አባቴ የአንድ ኦሮሞ ሽማግሌ የጡት ልጅ ነበር። በልጅነቱ ከብት ሲነዳ ከጠላት ያስጣሉት እሳቸው ናቸው ይሉናል። ማር በአውራ ጣታቸው አጥቅሰው እንዲጠባው ሰጡት፤ የጡት ልጅ የሚኮነው እንዲህ ነው። ከዚያ በኋላ ሲሞቱ ቤተሰቦቻቸው ርስት ሊያካፍሉት ጠሩት። ማንም ውሸት ነው አላለም።»

አዮ ዘይነባ ቅሉን፣ ከዚያ ልጅቷን አየች። «ይሄ የብርቄ ማር ነው።»

«እናቴ ያለችኝ ‹ባዶ እጅሽን ቤት አትግቢ› ነው። የገባሁበት ቤት ይሄ ነው።»

አዮ ዘይነባ ከንፈሯን ገጥማ ቅሉን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ወርቅ ጥርሷ ሲጠፋ ሌላ ሰው ትመስላለች። «እንዲህ ያለ ነገር ቀልድ አይደለም» አለች በመጨረሻ። «ከሆነ ሆነ ነው። ብትታመሚ እኔ ነኝ፣ ብትጠፊ የምፈልግሽ እኔ ነኝ፣ ብትሞቺ ድንኳን የምጥል እኔ ነኝ። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

ከተማው ሲነቃ ሁለት ጎረቤቶቿን ጠራች። አንዱ ሐጂ አብዱላሂ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ፣ ሌላው ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡት አባባ ተሰማ ናቸው። አዮ ዘይነባ መጀመሪያ ሐጂን ጠየቀች። ሐጂም ጢማቸውን እየዳሰሱ እንዲህ አሉ፦ «በሃይማኖታችን ጡት የሚያዛምደው ሕፃንን ነው። ይሄ ግን የአገር ደንብ ነው፤ አደራ ነው። ልጅቷ በማተቧ ትኑር፣ አንቺም በሶላትሽ። አደራን የከለከለ የለም።»

«እኔም ያው ነው የምለው» አሉ አባባ ተሰማ። «ረቡዕ ጾም ቢሆንም ማር አያስገድፍም።»

አዮ ዘይነባ እጇን ታጠበች። ሰሙን በቢላ አነሣችና አውራ ጣቷን ማሩ ውስጥ ነከረች። መንበረ ተንበርክካ ጣቷን ጠባች። «በእነዚህ ሰዎች ፊት ልጄ ነሽ» አለች አዮ ዘይነባ፤ ድምፅዋ እንደ ባቡሩ ላይ አልነበረም። «በትምህርት ሰዓት ሥራ ባዝሽ ምላሴ ይታሰር።» ሁለቱ ሽማግሌዎች እያንዳንዳቸው በሃይማኖታቸው መረቁ። ዶሮዎቹም ከጓሮ ጮኹ።

ከዚያ አዮ ዘይነባ ወደ እኔ ዞረች። ከአልጋዋ ሥር የቆርቆሮ ሣጥን ሳበችና ካኪ ጨርቅ አወጣች። ከየት እንደመጣ ስጠይቅ «ከዝናብ ጋር ወረደ» አለችኝ። የአባባ ተሰማ ሚስት የስፌት መኪና ነበራት፤ ፔዳሉ ቢያንቋርርም መርፌው ቀጥ ያለ ነው። እስኪመሽ ሰፋሁ። ቀሚሱን ከጉልበት በታች አወረድሁት፤ ውስጡ ደግሞ ሰፊ እጥፋት ተውሁ። መንበረ ለብሳው «ረዘመ እኮ፤ ይስቁብኛል» አለች። አዎ፣ ረዝሟል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክትደርስ ድረስ እየፈታች እንድታስረዝመው ነው የሰፋሁት።

ሐሙስ

ጠዋት ሰማዩ ንጹሕ ነበር። ሻሂ እየጠጣን ሳለ ብዙ የጭነት መኪና ባንድነት የሚመጣ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ከየግቢው «ደቻቱ! ደቻቱ መጣ!» የሚል ጩኸት ተነሣ።

ሮጠን ወጣን። ትናንት የተራመድንበት አሸዋ የለም። ቡናማ ውሃ ግንድ፣ በርሜልና የሞተ ፍየል ተሸክሞ ይወርዳል። በሁለቱ ዳር ሰው ቆሟል። ከላይ አንድም ደመና አልነበረም።

ትምህርት ቤቱ ከውሃው ወዲያ ነው። ያለው መንገድ ድልድዩ ብቻ ነው። አባባ ተሰማ ሄደው አይተው ተመለሱ። «ሰው ያሳልፋሉ። ግን ድልድዩ አፍ ላይ ወጣት እየለዩ ነው። ውሃው ከጨመረ ደግሞ ይዘጉታል።»

«እሱ ይቀራል» አለች አዮ ዘይነባ ወደ እኔ እየጠቆመች። ጋሪ ጠራች። እሷ፣ መንበረ፣ ሐጂና አባባ ተሰማ አንድ ጋሪ ላይ ተጫኑ፤ ፈረሱ ዞሮ አያቸው። መንበረ ሰማያዊውን ልብስ ለብሳ ካኪውን በፌስታል ይዛለች።

«ከተቀበሉኝ ካኪውን ለብሼ ከዚያ ማዶ ዳር እቆማለሁ» አለችኝ። «ካልተቀበሉኝ በዚሁ እመጣለሁ፤ አትደንግጥ።»

ሄዱ። አዮ ዘይነባ ቀፊራ ዳር ለምትቸረችር ጓደኛዋ አደራ ሰጥታኝ ነበር። «ከሴቶቹ መሃል አስቀምጪው፤ ሽንኩርት ይላጥ» ብላለች። ጓደኛዋ ሻሽ ቢጤ ራሴ ላይ ጣል አደረገችልኝ፤ ተቀምጬ መላጥ ጀመርሁ። ማዶው ወለል ብሎ ይታየኛል።

ብዙም ሳይቆይ ከድልድዩ በኩል የሚሮጡ ሰዎች መጡ። «ዘጉት! ውሃው ነካው!» ይላሉ። ጋሪ አልፎ እንደሆነ ጠየቅሁ። አንዱ «አንድ ጋሪ ሲመለስ አይቻለሁ» አለ። ሌላው «አልፏል» አለ። የማን ጋሪ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሽንኩርት ሻጯ «አንተ፣ ሽንኩርቱን ላጥ እንጂ አትቁረጠው!» ብላ ቢላውን ከእጄ አስተካከለች። ከደቻቱ ዳር ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች ሲያልፉ አንገቴን ደፋሁ። አንዱ ቆሞ የድንች ዋጋ ጠየቀ፤ ጫማውን ብቻ ነው ያየሁት፤ የግራው ማሰሪያ ሲባጎ ነበር። ሄደ።

ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። መዝገቡ የሚዘጋበት ሰዓት ደረሰ። ገበያው ሊተኛ ጥላውን መሰብሰብ ጀመረ። ያኔ ከማዶ ተማሪዎች ጎርፉን ሊያዩ በብዛት መጡ። ሁሉም ካኪ ለብሰዋል፤ የካኪው ቀለም ከውሃው ቀለም ጋር አንድ ነው። ፊት አይለይም። ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፤ ሁሉም እጅ ያወዛውዛሉ። ሰማያዊ ልብስ ብፈልግ የለም፤ ይህ ጥሩ ይሁን መጥፎ አላወቅሁም። ምናልባት ጭራሽ አልደረሱ ይሆናል።

ፊት መፈለግ ተውሁና ጠርዝ ማየት ጀመርሁ። ጉልበት፣ ጉልበት፣ ከጉልበት በላይ፣ ጉልበት። ከዳር አንዲት ልጅ ቆማለች፤ ቀሚሷ ከሁሉም ይረዝማል፤ እስከ ባቷ ይወርዳል። አጠገቧ ቢጫ ሻሽ አለ።

«ምነው ታለቅሳለህ?» አለችኝ ሽንኩርት ሻጯ።

«ሽንኩርቱ ነው።»

«ሽንኩርቱን ከጨረስህ ቆየህ እኮ።»

ውሃው እንደመጣ ፈጥኖ ወረደ። ወደ ማታ አሸዋው እርጥብ ሆኖ ብቅ አለና ጭቃ በጭቃ ሆነው ተሻግረው መጡ። ድልድዩን ያለፉት ሊዘጋ ሲል እንደነበር፣ ፈረሱም አልሄድም ብሎ ሐጂ አብዱላሂ ወርደው እንደጎተቱት አዮ ዘይነባ በእጇ ጭምር ነገረችኝ። መምህሩ መንበረን ያንኑ ጥያቄ ጠይቀዋታል፦ «ምንሽ ናት?»

«የጡት እናቴ ናት።»

«ትናንት ‹ባቡር ላይ ነው የተዋወቅነው› አላልሽኝም?»

«ትናንት እውነቴን ነበር። ዛሬም እውነቴን ነው። ምስክሮቹ እነሆ።»

መምህሩ ሁለቱን ሽማግሌዎች ለየብቻ ጠይቀዋል። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው «ትናንት ዋሽተሽኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አላምንሽም ነበር» አሏትና ጻፏት። ለአዮ ዘይነባ ደግሞ «ኅዳር ላይ ቤትዎ እመጣለሁ» ብለዋታል። «ና፤ ዶሮ አርጄ ነው የምጠብቅህ» ብላቸዋለች።

ቅዳሜ

አርብ የተመለስሁት በባቡር ነው። አዮ ዘይነባ ጨርቅ ከሚነግዱ ሴቶች መሃል አስቀምጣ የአንዷን ሕፃን አሳቀፈችኝ። ልጅ የታቀፈ ወንድ አይታፈስም ይላሉ። እውነትም ኤረር ላይ ፈታሹ አይቶኝ አለፈ፤ ሕፃኑ ግን ሱሪዬን አበላሸው። መንበረ ጣቢያው ድረስ አልሸኘችኝም፤ ክፍል ነበራት።

ቅዳሜ ከሰዓት እቤት ደረስሁ። ጋሼ ወልዴ ሰምቶ መጥቶ በረንዳ ላይ ተቀምጧል፤ የትከሻው ስፌት አሁንም እንደተተረተረ ነው። ሁሉንም ነገርኋቸው። እሱ ጮኸ፣ ከእስላም ቤት አለ፣ ቃሌን አፈረሳችሁ አለ። ሽማግሌ ሰብስቦ ድሬ ዳዋ ወርዶ እንደሚያመጣት ፎከረ። እኔም ባቡሩ ስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ የዶሮዋ ዘይነባ ቤት የት እንደሆነ፣ ደቻቱንም ሲሻገር ጠርቶ የዋለ ሰማይ እንዳያምን በዝርዝር ነገርሁት። እስካሁን አልሄደም።

እናቴ እሱ ሲጮህ አዮ ዘይነባ ማሩን ገልብጣ የመለሰችውን ባዶ ቅል ከዕቃዬ መሃል አውጥታ ውስጡን አየች፤ አሸተተችው። ልጄን ሌላ ሴት ‹ልጄ› አለቻት ብላ ቅር ይላት ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። ቅሉን በሙቅ ውሃ አጥባ ፀሐይ ላይ ደፋችው።

«ጥቅምት ላይ ቀፎው ሲቆረጥ ይሞላል» አለች። «የሚወርድ ሰው ፈልግልኝ።»

«ለመንበረ ነው?» አልኋት።

«ለእናቷ ነዋ» አለችኝ።